የፕሪሙ ፍርድ

ጥር ነው። በረዶው ከጉልበት ያልፋል፤
ወንድሜ ቭላስቲስላቭ መጥረቢያ ይስላል።
«ዘንድሮስ አበቃ» ይላል፣ «ይህ ፕሪም ይቆረጣል፤
የክሽክሽ እናት ቤት ከጓሯችን ይነቀላል።»

እኔ አጉሊ መነጽሬን ይዤ ከዛፉ ቆምኩኝ፣
የአንዱን ቅርንጫፍ ጫፍ ወደ ዓይኔ ሳብኩኝ፤
በእምቡጡ ብብት ውስጥ፣ እንደ ባሩድ ፍሬ፣
አምስት ጥቁር እንቁላል አየሁ ቆጥሬ።
ከሰናፍጭ ያነሰች፣ ብርድ የማይገድላት፣
ይህችን ነው ወንድሜ በመጥረቢያ የሚፈልጋት።

ሚያዝያ ሲሞቅ ትፈለፈላለች፤
ወንድ አታውቅም፣ ባል አትጠብቅም፣ ትወልዳለች።
የወለደቻት ሴት ናት፣ ያቺም ነፍሰ ጡር፤
በሆዷ ያለችው ሌላ ይዛለች በምስጢር።
ሰው ትውልድ ይቆጥራል አያት፣ ቅድመ አያት ብሎ፤
በእሷ ዘንድ ሦስት ትውልድ በአንድ ሆድ ያድራል ተጠቅልሎ።

ግንቦት ሲጋመስ ክንፍ ታበቅላለች፤
ከፕሪሙ ተነሥታ፣ አጥሩን አልፋ፣
ወደ ጌሾው ትሻገራለች።
ይህ የቢራ ጌሾ ነው፣ የቦሄሚያ ሐረግ፣
ሽቦውን ተጠምጥሞ ወደ ሰማይ የሚያርግ፤
የዛቴጽ ሰው ልጁን የሚድርበት፣
ዕዳ የሚከፍልበት፣
ባንኩም ቀባሪውም ነሐሴን የሚጠብቁበት።

ቅጠሉን ገልብጡት፦ ከጀርባው ተደርድረዋል፣
አረንጓዴ በአረንጓዴ፣ አፋቸውን ተክለዋል።
አይነክሱም፣ አያኝኩም፤ መርፌ ነው አፋቸው፣
የቅጠሉን ደም ሥር ያገኘዋል ሳያይ ዓይናቸው።
ቀን ይመጥጣሉ፣ ሌት ይመጥጣሉ፤
ጠግበው የተረፋቸውን ያንጠባጥባሉ።
ያም ጣፋጭ ነው፣ እንደ ማር፤ ጉንዳን ይሰለፍበታል፣
ኋላም ሻጋታ መጥቶ ጥላሸቱን ይቀባበታል።
ወርቅ መሆን የነበረበት የጌሾ አበባ
በከሰል ተርከፍክፎ ጎተራ ይገባ።

እናቴ ድራሆሚራ በመስኮት አየችን፤
ማሰሮዋን እያጠበች እንዲህ አለችን፦
«አባታችሁ ኦታካር ነው፣ በሠርጋችን ማግስት የተከለው፤
አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ማርማላታ ያበላን ማነው?
ክሽክሽ መጠጠው ትላላችሁ፤
እናንተስ ስትመጥጡት ማን ቆጠረባችሁ?»

ማንም አልመለሰ።
መጥረቢያው መለሰ።
ዛፉ ሦስት ጊዜ ተንቀጥቅጦ በረዶውን ተንተራሰ።

ቅርፊቱ ሲገነጠል (እንዴት ልንገራችሁ)
ከሥሩ ተጣብቀው ያንቀላፉ አሉላችሁ፦
ቀያይ ጥንዚዛዎች፣ ጀርባቸው ነጠብጣብ፣
እንደ ሕፃን ሹራብ ቁልፍ፣ እግራቸው ስብስብ።
ክሽክሽን በበጋ የሚበሉት እነሱ ነበሩ፤
ከሚበሉት ጋር አንድ ጣሪያ ተጋርተው ብርዱን የሚያድሩ።
ወንድሜ በጓንቱ ጠረጋቸው። እኔም ዝም አልኩት።
ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ ያልዋጥኩት።

ግንቦት መጣ። ነፋስ ከደቡብ ነፈሰ።
ክሽክሽም አጥራችንን አልፎ ደረሰ።
ከየት?
ከባቡሩ ሐዲድ ዳር፣ ከእሾሃማው ዱር ፕሪም፤
ከመቃብሩ ግንብ ሥር፤ ከጎረቤታችን ከቦሁስላቭ ጓሮም።
እኛ የቆረጥነው አንዱን፣
ነፋስ የሚያውቀው ሺሁን።
ወንድሜ መርጫውን አዝሎ ዋለ፣ አመሸ፤
በሐረጉ መሐል ሲመላለስ ጫማው ጭቃ ጠቀሸ።
እናቴ በመስከረም ማሰሮዋን አላወረደችም፤
ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ ቀርቷል፣ ማንም አይከፍተውም።

ጥቅምት ላይ ከጉቶው አጠገብ አንድ ቀንበጥ አየሁ፣
ስንዝር ያህል ብቻ። ጎንበስ ብዬ ቃኘሁ።
ሁለት ክንፋሞች ከቅጠሉ ሥር አርፈዋል፤
ከጌሾው ተመልሰው፣ ቤት ፈልገው፣ አግኝተዋል።

ወንድሜ ከጎተራው «ምን አገኘሽ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።
መነጽሬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩኝ።